ድንገተኛ ክፍል የተዘራው ገብስ

ያ ጓሮ ዛሬ ሲሚንቶ ነው። አራት መኪና ይቆምበታል። ሲሚንቶውን ያፈሰሱት ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው እጃቸውን ሲያራግፉ፣ አንዱ "ተመስገን፣ አሁን ገና ጸዳ!" ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጸዳ! መሬቱ ምን ነበረበትና ነው የጸዳው? ሰው የማያውቀውን ነገር ለመቅበር እንዴት ይፈጥናል! እኔ ግን አውቃለሁና ዝም አልልም።

ጓሮው የአክስቴ ነበር። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት አንሶላ ስታጥፍ ኖራለች። ሰው የታመመበትን፣ የወለደበትን፣ የሞተበትን አንሶላ ጠርዙን ከጠርዙ እየገጠመች። ጡረታ ስትወጣ በክፈፍ የገባ የምስጋና ወረቀት ሰጧት። ስሟን አሳስተው ነው የጻፉት። በዚያው ሰሞን አሮጌዎቹ ማጠቢያ ማሽኖች ተነቅለው ከግቢው ጀርባ ተጥለው ነበርና፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሳ፣ "ይሄንን ለባለቤቷ ስጡልኝ፤ ለእኔ የማሽኖቹን ሆድ ስጡኝ" አለች።

የማሽን ሆድ ያለችው ልብሱ የሚሽከረከርበትን በርሜል ነው። የማይዝግ ብረት፣ ዙሪያውን እንደ ወንፊት የተበሳ፣ ሰው ቁጢጥ ብሎ የሚደበቅበት የሚያህል። አምስት ነበሩ። የአንዱ ክፍል ልብስ ከሌላው እንዳይቀላቀል በእያንዳንዱ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎበታል፦ ወሊድ፣ ሕፃናት፣ አጥንት፣ ቀዶ ጥገና፣ ድንገተኛ። በእኔ የዳቦ መኪና ነው ጭነን ያመጣናቸው። ያኔ እኔ የዳቦ ሾፌር ነበርኩ፤ የምኖረውም ከእሷ ጋር ነው። በማግሥቱ ዳቦው የብረት ሽታ አለው ተብዬ አለቃዬ ሲጮህብኝ ዋለ።

ሰፈሩ ሳቀባት። እኔም ስቄያለሁ፤ ምን እዋሻለሁ! እሷ ግን በርሜሎቹን ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ደረደረቻቸው፣ አራቱን አፈርና የዶሮ ኩስ ሞላቻቸው፣ ብርዱ ከመግባቱ ሁለት ወር ቀድማ ዘራችባቸው። ውሃው በቀዳዳው ይወርዳል፣ ብረቱ ቀን ፀሐይ ይጠጣል፣ ዶሮም ከላይ ደርሳ አትጭረውም። ይህን ከማንም አልተማረችም። ሃያ ስድስት ዓመት ውሃ ከዚያ ቀዳዳ ሲወርድ ያየ ዓይን ትምህርት ቤት አያሻውም።

አጥንት ውስጥ ጎመን ነበር። ወሊድ ውስጥ ቆስጣ፤ "ብትቆርጠው ብትቆርጠው አይመክንም" ትላለች። ሕፃናት ውስጥ ሰላጣና ድንብላል። ቀዶ ጥገና ውስጥ ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ፤ የሽንኩርቱን ቅጠል በመቀስ አድቅቃ ከፉርሽካ ጋር ታሸዋለች፣ ጦስኙን ደግሞ ቅማል እንዲሸሽ ዶሮዎቹ ከሚጥሉበት ገለባ ሥር ትጎዘጉዘዋለች። ድንገተኛ ባዶውን ይቀመጣል። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ "ድንገተኛ ሁልጊዜ አልጋ ሊኖረው ይገባል" ነበር መልሷ።

"አንተ! ሂድና ከአጥንት ስድስት ቅጠል፣ ከቀዶ ጥገና አንድ ጭብጥ አምጣ!" ብላ ከማድ ቤት ስትጮህ እኔ ለምጄዋለሁ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ግን አልለመደም። አንድ ቀን ቁጥሩን እየጻፈ ሳለ፣ "ኧረ ሕፃናቱን አልብሳቸው! ትናንት ሁለቱ ሞተውብኛል!" ስትል ሰማና እርሳሱን ጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቆጣሪያችንን በአጥር ላይ ተንጠራርቶ ነው ያነበበው።

ዶሮዎቹ ሰባት ነበሩ። አለቃቸው ደረቷን ነፍታ እየተንጎራደደች ሌሎቹን በመንቁሯ የምትቆጣ ግራጫ ዶሮ ስለነበረች፣ እንደ ሆስፒታሉ የነርሶች አለቃ፣ ሜትረን ተባለች። አክስቴ ቅጠሉን መሬት ላይ አትበትንላቸውም። በገመድ ታስርና ከቤታቸው ጣሪያ ላይ ታንጠለጥለዋለች፣ ዘለው እንዲነጩት። "በብርድ ጊዜ ቁጭ ብላ የምትበላ ዶሮ ቁጭ ብላ ትሞታለች" ትላለች። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባል የለ? "ይሄን የተናገረ ሰው ዶሮ አርብቶ አያውቅም። ዶሮ በብርድ ወራት የምታልመው ቅጠል ነው" ብላ ተረቱን ሽራዋለች። ልክም ነበረች። ብርዱ ሲጠና የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ እንቁላል ሲያቆም የእሷዎቹ ቀነስ ያደርጉ እንደሆን እንጂ አያቆሙም።

ሌሊት ውርጭ እንዳይመታቸው በርሜሎቹን በአንሶላ ትሸፍናለች። አንሶላዎቹ የሆስፒታሉ ማኅተም ያለባቸው፣ ተቀዳደው የተጣሉ ናቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ታለብሳለች፣ ጠዋት ውርጩ ሲቀልጥ ትገፍፋለች። አፈርና የቅጠል ጭማቂ እየነካቸው መልካቸው የሻይ መጥለያ መስሎ ነበር።

አሁን ወደ ነጭ በነጭ ልምጣ።

ነጭ በነጭ የአክስቴ የሥራ ጓደኛ ናት፤ ቤቷ ከእኛ ሦስተኛው በር ነው። አክስቴ አጣፊ፣ እሷ አጣቢ ነበሩ። ደም ያለበት አንሶላ በእጇ ገብቶ እንደ ወተት ሳይሆን አይወጣም፤ ስሙን ያወጡላት ነርሶቹ ናቸው። በረኪና የሚለካበት ኩባያ አላት፣ ግን አትለካም፤ በዓይኗ ትጨምራለች። ያንን እንፋሎት ሃያ ስድስት ዓመት ማገችው። በመጨረሻ ደረቷ እምቢ አላት። ያንኑ ሆስፒታል ሄደች፤ ራሷ ያጠበችው አንሶላ ላይ አስተኟትና ሐኪሙ ምን ቢጠይቃት ጥሩ ነው? "ሲጋራ ታጨሻለሽ?" አላት። ሲጋራ! አንድ ፎቅ ወደ ልብስ ማጠቢያው ቢወርድ ኖሮ መልሱን በአፍንጫው ያገኘው ነበር። ይህን ሳስብ እስካሁን ጥርሴ ይፋጫል።

"ዕረፍት፣ ጥሩ ምግብ" ብለው ወደ ቤቷ ሰደዷት። ልጆቿ ሩቅ ናቸው። መስኮቷ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጠችና ከዚያ አልነሳ አለች። ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር። ምግብ አስጠላት። ከአክስቴ እጅ ብቻ በቀን አንድ የተቀቀለ እንቁላል ትቀበላለች፤ እሱንም የምትውጠው አክስቴ በላይዋ ላይ ቆማ ስለምታፈጥባት ነው። ብርዱ ሊገባ ነበር። በዚያ ዓመት በቤታችን ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ ነጭ በነጭ ብርዱን ትሻገራለች ወይስ አትሻገርም? አክስቴ አፍ አውጥታ አልተናገረችውም። ግን የጎመኑን ቅጠል በጣቷ እየለካች ስትቆርጥ ሳያት ምን እንደምትቆጥር ገብቶኛል። ቅጠል ካለ እንቁላል አለ፤ እንቁላል ካለ ሴትዮዋ አለች።

አንድ ጠዋት እንቁላሉን አልቀበልም አለች።

"ምነው?" አለች አክስቴ።

"ለማኝ ነኝ እንዴ? ሁለት ወር ሙሉ ብዪ፣ ብዪ! እኔ ምን አድርጌልሽ?"

"አፍሽን ዝጊና ብዪ።"

"አፌን ከዘጋሁ በምን ልብላ?" ሳቀችና ሳል አጣደፋት። ሲለቃት፣ "እነዚያን አንሶላዎች ስጪኝ። ከመስኮቴ ይታዩኛል። የሆስፒታላችን ማኅተም ያለበት ጨርቅ እንዲያ ቆሽሾ! ለሬሳ ክፍል እንኳ እንዲህ ያለ አንሶላ አልወጣም። ልጠብልሽና እንቁላሌን ሠርቼ ልብላ።"

አክስቴ እኔን አየችኝ። ሁለት ወር እጇን ያላነሳች ሴት ሥራ ስትጠይቅ ማን እምቢ ይላል? "በይ እሺ፤ እንዳትደክሚ ግን" አለች።

በማግሥቱ አክስቴ ጡረታ ቢሮ ሄደች። በየዓመቱ በሕይወት መኖሯን ራሷ ቀርባ ታስመሰክራለች። አዎ፣ በሁለት እግሯ ቆማ "አልሞትኩም" ትላለች፣ እነሱም "ነገ ተመለሺ" ይሏታል። አንሶላዎቹን ለነጭ በነጭ ያደረስኩላት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ስሄድ ጨምቃ ሳፋ ውስጥ አጥፋ አስቀምጣቸዋለች። ፊቷ ወዝ ነበረው። ከታመመች ወዲህ እንዲያ አይቻት አላውቅም።

"ዘርጋው እስቲ፣ አንተ ዳቦ" አለችኝ።

ዘረጋሁት። ዓይን ያጥበረብራል።

"እህስ?"

"በረዶ ነው የሚመስለው፣ እትዬ።"

"በረዶ እድፍ አለው" አለች።

እርጥብ ነበሩ። ሽታውም አፍንጫዬ ገብቷል፤ እዚህ ላይ ራሴን አልምርም። በረኪና መሆኑን አውቄያለሁ። ግን የነጭ በነጭ ቤትም፣ ልብሷም፣ ራሷም ከዱሮ ጀምሮ በረኪና በረኪና ስለሚሉ እንደ ሰውነቷ ጠረን ቆጠርኩት። ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ውርጭ እንደሚወርድ ያስታውቃል። አክስቴ አልተመለሰችም። እርጥቡን አንሶላ በእርጥቡ በአራቱም በርሜሎች ላይ አለበስኩና፣ ልክ እንደምታደርገው፣ ጠርዙን ከሥር አጥፌ ሸጎጥኩት። አንሶላው ደርቆ ሲሆን ከቅጠሉ ከፍ ብሎ ይወጠራል፤ ሲረጥብ ግን ይዘቀዘቃል፤ ቅጠሉ ላይ ተኛበት። ይህን አላሰብኩትም። አክስቴ መሽቶባት ገባች፣ ከመስኮቱ አየችና፣ "ሸፍነሃል? ተባረክ" ብላኝ ተኛች።

ጠዋት አንሶላው በውርጩ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ አገኘነው። ሲቀልጥ ገፈፈችው። ጎመኑ ነጥቷል። ቆስጣው ቀዩ አገዳው ሳይቀር ነጥቷል፣ ድንብላሉ የተቀቀለ መስሏል። አንዱን ቅጠል ቆርጣ አሸተተችና ዓይኗን ጨፈነች።

"ዶሮዎቹ እንዳይቀምሱት" አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። አክስቴ! ሰባት ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ የምትቆጣ ሴት! ብትሰድበኝ በወደድኩ። ነጩን ቅጠል ሁሉ በዝምታ አጭዳ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረችው።

"ለእሷ ምን ልንላት ነው?" አልኳት።

"ውርጭ መታው እንላታለን። ሌላ ነገር ከአፍህ ቢወጣ ወዮልህ።"

"እየዋሸን?"

"ስማ! ያቺ ሴትዮ በዓለም ላይ የቀራት አንድ ነገር ነው፤ ማጠብ አውቃለሁ ማለት። እሱን ልንጠቅባት?"

ለነጭ በነጭ ውርጭ ነው ተባለ። አመነች፤ ወይም ያመነች መሰለን። ዶሮዎቹን ግን በውሸት ማታለል አይቻልም። ፉርሽካና ጥሬ ብቻ ሆነባቸው። በአራተኛው ቀን ሦስቱ አቆሙ፣ በስምንተኛው ሜትረንም አቆመች። በዘጠነኛው ቀን አክስቴ ከሱቅ እንቁላል ገዛች። ገዝታም አላበቃች፤ የቤት እንዲመስል ገለባ በምራቋ ለጠፈችበትና ቀቅላ በእኔ ላከችው። ይህን ያደረገችው በሕይወቷ አንድም ቀን እድፍ ደብቃ አንሶላ ያላጠፈች ሴት ናት።

ነጭ በነጭ ልጣ ለሁለት ከፈለችው። አየችው። ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛው ዞረች።

"ይሄ ከየት መጣ?"

"ከዶሮዎቹ ነዋ፣ እትዬ።"

"አንተ ዳቦ፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ቢጫ ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የአዮዲን ቢጫ አለ፣ የጉበት ቢጫ አለ፣ የሕፃን ቢጫ አለ። የእኛ ዶሮዎች አስኳል የብርቱካን ልጣጭ ነው። ይሄ የሻማ ነው።" ሳህኑን አስቀመጠች። "ቅጠሉን ምን መታው አላችሁኝ?"

"ውርጭ።"

"ሲመታው ምን መሰለ?"

"ያው... ነጣ አለ..."

ምላሴን በነከስኩት!

"ውርጭ ያጠቁራል" አለች። "የሚያነጣው ሌላ ነው።"

ከዚያ ተነሳች። ጋቢና መደገፊያ ላቀብላት ብል እጄን ገፋችው። በሁለት ወር ከወንበር አልጋ እንጂ አንዲት እርምጃ ያልጨመረች ሴት፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ፣ በየበሩ እየቆመች እየተነፈሰች፣ ሁለቱን ቤት አልፋ ጓሮአችን ደረሰች። እኔ ከኋላ እጆቼን ዘርግቼ፣ ስትወድቅ ልቀልባት። አክስቴ ዶሮ ቤቱን እየጠረገች ነበር፤ ስታያት መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

ነጭ በነጭ አጥንት ላይ ጎንበስ ብላ አንድ የጎመን ጉቶ ነቀለች። አሸተተች።

"ዋሽተሽኛል" አለች።

"ውርጭ ነው አልኩሽ እኮ።"

"ለእኔ? በረኪናን ለእኔ? አንቺ ሴትዮ፣ ስንት ዓመት ስትሰድቢኝ ኖርሽ! አንሶላ ሲረጥብብሽ 'ደደብ'፣ ሲዘገይብሽ 'ቀርፋፋ' ስትዪኝ! ዛሬ ጓሮሽን ሙሉ ባወድምብሽ አንዲት ክፉ ቃል አጣሽ?"

"ታመሻላ! ምን ልበልሽ? ገደልሽው ልበልሽ?"

"አዎ! በዪ! የማይቆጡት ሰው ሬሳ ብቻ ነው። እኔን መቆጣት ከተውሽማ ገንዘሽኛል!"

ያኔ የአክስቴ ቁጣ ገነፈለ። ጎረቤት በሩን ከፈተ።

"ገደልሽው! እሺ? ገደልሽው! ጎመን በረኪና ይነከራል? በየትኛው አገር? ዶሮዎቼን ጦም አሳደርሽ! ሜትረንን የሚያህል ዶሮ እንቁላል አስቆምሽ! እድፍ ስታሳድጂ ዕድሜሽን ጨረስሽ፤ አፈር እድፍ አይደለም፣ አንቺ ዓይንሽ የነጣ! ኩባያ አለሽ፣ ለምን አትለኪም? ሃያ ስድስት ዓመት ለኪ ስልሽ! ብትለኪ ኖሮ ደረትሽም..." እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ አልጨረሰችውም።

ነጭ በነጭ የተገለበጠ ባልዲ ፈልጋ ተቀመጠችበት። እየሳለች ነው፣ እየሳቀችም ነው፣ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

"እንዲህ ነው እንጂ" አለች ትንፋሿ ሲመለስ። "አሁን ቶሎ የሚደርስ ነገር ምን አለሽ?"

"ገብስ" አለች አክስቴ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። "አሥር ቀን።"

"አፈሩ ግን ተበክሏል። ልጠበው?"

"አፈር አይታጠብም!!"

ድንገተኛን ወደ ማድ ቤት አስገባነው፣ ምድጃው አጠገብ። ገብሱ አፈር አይፈልግም፤ ሌሊቱን ተነክሮ ያድርና በርሜሉ ውስጥ ጨርቅ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ጠዋትና ማታ በንጹሕ ውሃ መለቅለቅ አለበት፤ ካልተለቀለቀ ይሻግታል፣ ውሃ ከቆመበት ይበሰብሳል። ይህን ስትሰማ ነጭ በነጭ ቀና አለች። "ይታጠባል በይኛ!" አለች። በማግሥቱ ጠዋት እኔ ከሥራ ስመለስ ማድ ቤት ውስጥ አገኘኋት፣ እጅጌዋን ሰብስባ። አክስቴ መጀመሪያ እጇን ይዛ አሸተተቻት፣ እንደ ጉምሩክ ፈታሽ። "በውሃ ብቻ!" አለቻት። "በውሃ ብቻ" አለች ነጭ በነጭ። ውሃውን ስታፈስ፣ ገብሱን በመዳፏ ስታገላብጥ፣ በቀዳዳው ሲወርድ ጆሮዋን ጥዳ ስትሰማ አይቻታለሁ። "በቃው" ትላለች፣ በድምፁ። እንደዚያ ያለ እጅ ነው ሐኪሙ ሲጋራ ብሎ የሸኘው።

በየቀኑ መጣች። መጀመሪያ በየበሩ እየቆመች፣ ቀጥሎ አንድ ጊዜ ብቻ እየቆመች። በየቀኑም ተሰደበች፦ ውሃ አበዛሽ፣ ጨርቁን ገለበጥሽ፣ ወጥ ቤቴን ባሕር አደረግሽው። እሷም አፏ አላረፈም፦ አጣፊ ብሎ ሠራተኛ፣ ደረቅ እጅ ይዛ የኖረች፣ ስለ ውሃ ምን ታውቂያለሽ! ማድ ቤታችን እንዲያ ተንጫጭቶ አያውቅም። ቡቃያው በሦስተኛው ቀን ነጭ ጥርስ አወጣ፣ በስድስተኛው አረንጓዴ ሆነ፣ በአሥረኛው አንድ ስንዝር ደርሶ በርሜሉን ሞላው። ነጭ በነጭ በአክስቴ መቀስ ራሷ ቆረጠችው፣ ራሷ በገመድ አስራ አንጠለጠለችው። ሰባቱ ዶሮዎች አብደው ሲዘሉ፣ "አትሻሙ! በተራ! ሜትረን፣ አንቺ ደግሞ ሥነ ሥርዓት!" ስትል ከውጭ ይሰማል። በርሜሉን አጥባ ወዲያው እንደገና ዘራች።

እንቁላሉ የመጣው ከዚያ በኋላ በስድስተኛው ቀን ነው። ገና ትኩስ ነበር። አክስቴ ቀቀለችውና ሳህን ላይ አድርጋ፣ "ሩጥ፣ ሳይቀዘቅዝ አድርስላት" አለችኝ። ሮጥኩ። ሦስተኛውን በር ብገፋው ተቆልፏል። በመስኮቱ አየሁ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ሳህኑን ይዤ ወደ ጓሮ በሩጫ ስመለስ፣ ዳር በኩል አጥንት ላይ ጎንበስ ብላ አገኘኋት፤ የተበከለውን አፈር በአካፋ እያወጣች፣ አዲሱን እየሞላች፣ እስከ ክርኗ ጭቃ በጭቃ ሆና።

"እትዬ፣ እንቁላልዎን!" አልኳት እያለከለክሁ።

ቀና እንኳ አላለችም።

"አታይም እንዴ፣ አንተ ዳቦ? ሥራ ላይ ነኝ። እዚያ አስቀምጠው።"